ትልቅ ጎማ በጠባብ ቤት፦ ፒካፕ በሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ ለምን ይፋተጋል?

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አቋርጦ ደባርቅ የሚገባው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። መነሻው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ሲሆን መድረሻው ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የገብስ ጆንያ የጫኑ፣ ጎብኚ የያዙ፣ የመሥሪያ ቤት አርማ የተለጠፈባቸው ባለ ደብል ጋቢና ፒካፖች ይወጣሉ፤ ይወርዳሉ። ከእነዚህም መካከል ፋብሪካው የሰጣቸውን ጎማ አውልቀው ከፍና ሰፋ ያለ ጎማ የተጫሙት ጥቂት አይደሉም።

የባለንብረቶቹን ምክንያት ለመረዳት አያዳግትም። በክረምት ከዋልካው ጭቃ ለመውጣት፣ በበጋ የገጠሩን ድንጋያማ መንገድ ሆድ ሳይነካ ለመሻገር ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል። ግርማ ሞገሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ኋላ ነው። ጎማው በጎሚስታው ግቢ ተገጥሞ ወዲያና ወዲህ ሲባል እንከን አይታይበትም፤ ባለቤቱም ሒሳቡን ከፍሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሰውና ዕቃ ተጭኖ የመጀመሪያው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሲደረስ ግን ከፊት ጎማው በኩል «ክርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል። አዲሱ ጎማ ከፓራፋንጎው ጋር እየተፋተገ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በግቢ ውስጥ ፈተናውን ያለፈ ጎማ መንገድ ላይ የሚወድቅበት ምክንያት ምን ይሆን? መልሱን ለማግኘት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው ጂኦሜትሪና ፊዚክስ ያለፈ ዕውቀት አያስፈልገንም። በዚህ ጽሑፍ ሒሳቡን አብረን እናሰላለን፤ ፍትጊያው ቢወገድ እንኳ በሰሜን ጎንደር ተራሮች ላይ የማይወገደው ዕዳ ምን እንደሆነም እናያለን።

ከጣልያን የተረፉ ቃላትና መንገዶች

የሙያው ቋንቋ የራሱ ታሪክ አለው። ጎማ የሚጠግነውን ጎሚስታ፣ ጎማው የሚለብስበትን ብረት ቸርኬ፣ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ፣ የኋላውን የንጣፍ ብረት ሞላ ባሌስትራ እንላለን። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከደባርቅ አልፎ ወደ ዛሪማ በሚያወርደው ገደል ላይ የተጠመዘዘው የሊማሊሞ መንገድም በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የተቀየሰ ነው። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው ወደ ኋላ እስኪመለስ ድረስ በሚታጠፉ ጠባብ ቅልብሶች ነው። መሪ እስከ መጨረሻው የሚዞረው፣ አንዱ ጎማ ታምቆ ሌላው የሚንጠለጠለው በእነዚህ ቅልብሶች ላይ በመሆኑ ሊማሊሞ ለጎማ ልክ ከማንኛውም ጋራዥ የበለጠ ፈታኝ ነው።

በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር

በብዙ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፖች ጎማ ላይ 265/65 አር 17 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎማው ግድግዳ ቁመት ከስፋቱ ምን ያህል በመቶ እንደሆነ ይገልጻል። «አር» የተባለችው ፊደል ጎማው ራዲያል መሆኑን፣ የመጨረሻው ቁጥር ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታሉ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው።

እንግዲህ እናስላ። የግድግዳው ቁመት 265 ሲባዛ በ0.65፣ ማለትም 172.25 ሚሊ ሜትር ነው። ግድግዳው ከቸርኬው በላይም በታችም ስላለ እጥፉ 344.5 ይሆናል። በዚህ ላይ የቸርኬውን 431.8 ሚሊ ሜትር ስንደምር የጎማው ሙሉ ዲያሜትር 776.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። ባለንብረቱ በምትኩ 285/70 አር 17 ቢገጥም በተመሳሳይ ስሌት ዲያሜትሩ 830.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 54.5 ሚሊ ሜትር፣ ወይም 7 በመቶ ነው።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ብዙዎችን ያስገርማል። ጎማው በ54.5 ሚሊ ሜትር ቢያድግም መኪናው ከመሬት ከፍ የሚለው በግማሹ፣ በ27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። ጎማው ክብ በመሆኑም እንዲሁ 27 ሚሊ ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያድጋል። ከድንጋይ ለመዳን የሁለት ጣት ያህል ከፍታ ስናተርፍ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ያለንን ርቀት በዚያው መጠን እናጣለን።

ቸርኬው ወዴት ያደላል?

ሁለተኛው ጉዳይ ቸርኬው ነው። ቸርኬ ከሞዞው ጋር በዳዶ የሚታሰርበት ገጽ ብዙውን ጊዜ በቸርኬው ስፋት መካከል ላይ አይውልም። በዚህ ገጽና በቸርኬው መካከለኛ መስመር መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ይለካል። ርቀቱ በመደመር ምልክት ሲጻፍ ጎማው ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ በመቀነስ ምልክት ሲጻፍ ወደ ውጭ ይወጣል። የሃይሉክስ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ በተለምዶ መደመር 30 ነው።

ባለ 285ቱ ጎማ ከባለ 265ቱ በ20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በዚያው ቸርኬ ላይ ከተገጠመ 10 ሚሊ ሜትሩ ወደ ውስጥ፣ 10 ሚሊ ሜትሩ ወደ ውጭ ያድጋል። ወደ ውስጥ ያደገው ጎማውን ወደ ላይኛው የሞላ ክንድና ወደ ፍሬን ቱቦው ያስጠጋዋል። ይህን ለማስቀረት ብዙዎች ርቀቱ ዜሮ የሆነ ቸርኬ ይገዛሉ፤ አለዚያም በሞዞውና በቸርኬው መካከል እስፔሰር ያስገባሉ። በዚህ መንገድ ጎማው 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ስለሚገፋ ውስጡ በርግጥ ይሰፋል። ይሁን እንጂ አንዱን ጎን የለቀቀ ጎማ ሌላውን ጎን መያዙ አይቀርም።

ይህንንም በፓይታጎረስ ሕግ እናረጋግጥ። የፊት ጎማ ሲታጠፍ የሚዞረው በራሱ መካከል ሳይሆን ከእርሱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ የመሪ ዘንግ ዙሪያ ነው። ለምሳሌ ያህል ከዚህ ዘንግ እስከ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 30 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከዘንጉ እስከ ጎማው የፊት ውጫዊ ጠርዝ ያለው ርቀት የአንድ ማዕዘናዊ ሦስት ማዕዘን ረጅሙ ጎን ነው። አንደኛው አጭር ጎን የጎማው ሬድየስ ሲሆን፣ ሁለተኛው 30 ሲደመር የጎማው ስፋት ግማሽ ነው። ለመጀመሪያው ጎማ ስሌቱ 421 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ለትልቁ ጎማ በዚያው ቸርኬ 450 ይሆናል። ትልቁ ጎማ በዜሮ ቸርኬ ላይ ሲሆን ደግሞ 30 የነበረው ርቀት 60 ስለሚሆን ውጤቱ ወደ 462 ያድጋል።

መሪው ሲዞር የጎማው ጠርዝ የሚጠርገው ክብ ይህ ነው። ስለዚህ ትልቁ ጎማ ከፋብሪካው ጎማ ይልቅ 29 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል፤ ወደ ውጭ ሲገፋ ደግሞ 41 ሚሊ ሜትር። በውስጥ በኩል የነበረውን ፍትጊያ ያስወገድንበት ብልሃት ከፊት በኩል ሌላ ፍትጊያ ሊወልድ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ቆሞ የሚለካ ጎማ ይዋሻል

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። የፊት ጎማ ሦስት እንቅስቃሴዎች አሉት፤ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ በመሪ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይታጠፋል፣ በሞላው አማካይነት ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ባዶ መኪና ለጥ ባለ ግቢ ውስጥ ሲቆም ሦስተኛው እንቅስቃሴ የለም። መሪውን እስከ መጨረሻው ብናዞረው እንኳ የምናየው ሞላው ባልታመቀበት ሁኔታ ያለውን ቦታ ብቻ ነው። በሊማሊሞ ቅልብስ ላይ ግን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። መሪው ይዞራል፣ የመኪናው ክብደት ወደ ውጭኛው ጎማ ይጫናል፣ በዚያ ላይ ጉድጓድ ሲጨመር ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ጣሪያ ይወጣል። የኋላው ባሌስትራም በጭነት ብዛት ሲተኛ የኋላ ጎማዎች የሚኖራቸው ክፍተት ባዶ መኪና ላይ ከታየው በእጅጉ ያንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ መኪናውን ማስነሳት ነው። ከሞላው በላይ ማስነሻ ብረት ይገባና መኪናው 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ክፍተቱም ለዓይን ሰፊ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ የመጨረሻ ማረፊያው ከሞላው አጠገብ ያለ የላስቲክ ማቆሚያ ነው። ማቆሚያው በቦታው ካለ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ የሚደርሰው ዱሮ ከሚደርስበት ነው። ማስነሳት ጎማው ከፓራፋንጎው ለመድረስ የሚሄደውን መንገድ ያረዝማል እንጂ መድረሻውን አይለውጥም። መድረሻውን የሚለውጠው ማቆሚያውን ማስረዘም ነው፤ እርሱም የሞላውን ጠቅላላ እንቅስቃሴ ይቀንሳል።

ፍትጊያን ችላ ማለት ደግሞ አደገኛ ነው። የጎማ ግድግዳ ከመርገጫው ይልቅ ስስ ነው። በፓራፋንጎ ጠርዝ ወይም በብሎን ጫፍ በተደጋጋሚ የተላጠ ግድግዳ አንድ ቀን ሳይታሰብ ይፈነዳል። በደንቢያ ሜዳ ላይ የፈነዳ የፊት ጎማ ከጥቂት ድንጋጤ ጋር ይታለፍ ይሆናል። በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ግን ይህ ዕድል ላይገኝ ይችላል። ጎማው የሚነካው የፍሬን ቱቦን ከሆነም አደጋው ከዚህ ይከፋል።

ፍትጊያው ቢወገድስ?

ጎማው ምንም ሳይነካ ገጠመ እንበል። እዳው ግን ገና አልተከፈለም። ሞተሩ ለጎማው የሚሰጠው፣ መካኒኮች ቶርክ የሚሉት የማዞር ኃይል አልተለወጠም። ይህ ኃይል መንገዱን ወደ ኋላ ሲገፋ የሚካፈለው ለጎማው ሬድየስ ነው። ሬድየሱ በ7 በመቶ ሲያድግ የመጎተት ኃይሉ በ6.6 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ደግሞ አየሩ በሳሳበት አገር ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር መሠረት የጎንደር የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ግፊት 77 በመቶ፣ የደባርቅ 70 በመቶ ያህል ነው። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣበት በቧሂት አካባቢ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን በዚሁ መጠን ስለሚቀንስ ጉልበቱ ቀድሞውንም ተዳክሟል። ባለ ቱርቦው የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ከጉዳቱ ፈጽሞ አይድንም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይበልጥ ያሳስባል። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የተጫነ ፒካፕ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ከ24 ሚሊዮን ጁል በላይ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ይህ መጠን 80 ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ በደባርቅ ከፍታ እስከሚፈላበት እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ለማድረስ ይበቃል። ሙቀቱን የሚካፈሉት ነፋሱ፣ በከባድ ማርሽ የተያዘው ሞተርና ፍሬኑ ናቸው። ጎማው ሲያድግ በዚያው ማርሽ የሚገኘው የሞተር መያዝ ስለሚቀንስ፣ ሾፌሩ አንድ ማርሽ ካላወረደ በቀር የጎደለው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑም ራሱ ከበፊቱ የረዘመ ሬድየስ ያለውን ጎማ ለማቆም 7 በመቶ ይበልጥ መጨበጥ ይኖርበታል።

በዚህ ላይ የፍጥነት መለኪያው ሾፌሩን ያሳስተዋል። መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ቀድሞ ትክክል ነበር ብንል፣ አሁን 60 ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ 64.2 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ሾፌሩ ሳያውቀው ሊያቆመው የሚገባው ጉልበት በ14.5 በመቶ ጨምሯል።

የመገልበጥ ነገርም አለ። አንድ መኪና በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ የሚኖረው ዝንባሌ በግርድፉ የሚለካው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ለስበት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ በማካፈል ነው። ርቀቱ 1.5 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ መኪና ብንወስድ ውጤቱ 1.07 ነው። በጎማና በማስነሻ ብረት 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ወደ 0.97 ይወርዳል። ከኋላ በጭነቱ ላይ ሰው ተሳፍሮ ከሆነ ደግሞ የስበት ማዕከሉ ከዚህም ይወጣል። ከኋላ የተሳፈሩት ሰዎች የሚይዙት ቀበቶ እንኳ እንደሌላቸው መዘንጋት አይገባም።

በጠመኔና በጭቃ የሚደረግ ሙከራ

እንግዲህ መለወጡ የግድ ከሆነ መለኪያው ቀላልና ርካሽ ነው። በመጀመሪያ አራቱም ጎማዎች ከመገዛታቸው በፊት አንዱን ብቻ ከፊት በኩል ማስገጠም ይበቃል። ከዚያም የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝና የላይኛውን የሞላ ክንድ በጠመኔ መቀባት ነው። ጠባብ ክፍተት በሚታይበት ሥፍራም ከሸክላ ጭቃ የተድቦለቦለች ትንሽ እንክብል መለጠፍ ይቻላል፤ በሸክላ ሥራዋ የታወቀችው ወለቃ ለጎንደር ቅርብ ናትና ጭቃው አይጠፋም።

ቀጥሎ መኪናው የዘወትር ጭነቱን ተጭኖ፣ አንዱ የፊት ጎማ በጠንካራ መወጣጫ ላይ፣ በሰያፍ ያለው የኋላ ጎማ ደግሞ በሌላ መወጣጫ ላይ እንዲወጡ ይደረጋል። የወጡት ጎማዎች ሲታመቁ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል። ሙከራው ወደ ኋላ በመሄድም ይደገማል፤ ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝና ወደ ኋላ ሲኬድ ጎማው ከቦታው በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ሥር እጅም ሆነ ራስ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። ጠመኔው በጎማው ላይ ከታተመ ፍትጊያ አለ ማለት ነው። ጠመኔው ካልታተመ ደግሞ የተጨፈለቀችው እንክብል ውፍረት የቀረውን ክፍተት ትነግረናለች። ቢያንስ የአንድ ጣት ውፍረት መቅረት አለበት፤ በክረምት ዋልካ በጎማው ላይ ሲጋገር ያችን ክፍተት ይሞላታልና።

ፍትጊያ ከተገኘ ምርጫዎቹ ይታወቃሉ፤ ሁሉም ግን ዋጋ አላቸው። የውስጡን ፕላስቲክ መቁረጥ ቀላል ቢሆንም የፓራፋንጎውን ብረት መቁረጥ ለዝገት በር ይከፍታል። የመሪውን መጨረሻ በብሎን ማሳጠር ፍትጊያውን ያስቆማል፤ ነገር ግን መኪናው ለመዞር የሚፈልገውን ቦታ ያሰፋዋል። በአንድ ጊዜ ይታጠፍ የነበረውን የሊማሊሞ ቅልብስ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመታጠፍ መገደድ፣ ያውም ገደል አፍ ላይ፣ መፍትሔ ሊባል አይችልም። እስፔሰር ደግሞ ጎማውን ከሞዞው ስለሚያርቅ ኩሽኔታውን ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

መጠነኛው መንገድ ከሁሉ ይሻላል። 265/70 አር 17 የተባለው ጎማ ከፋብሪካው ጎማ ጋር ስፋቱ እኩል በመሆኑ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አያድግም። ዲያሜትሩ 802.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መኪናውን 13 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ ልዩነቱም 3.4 በመቶ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን በጠመኔው መፈተሽ አለበት። ጎማ ሲመረጥ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈው የጭነት ቁጥርም ከፋብሪካው ያነሰ መሆን የለበትም፤ ለምሳሌ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ትርፍ ጎማውም ከአራቱ ጋር እኩል ይሁን። አራቱም እግር በሚጎትትበት ጊዜ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ካነሰ ወይም ከበለጠ ጥርሶቹና ዘንጎቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ።

ከጭቃ ለመውጣት ብቻ ከሆነም ጎማን ከማሳደግ የሚቀድሙ ነገሮች አሉ። ጎማ መሬትን የሚነካበት ስፋት በአብዛኛው የሚወሰነው በተሸከመው ክብደትና በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ነው። በዝግታ ለሚኬድ አጭር ጭቃማ መንገድ ግፊቱን ቀነስ ማድረግ፣ ወደ አስፋልት ሲመለሱም ሳይዘገዩ መሙላት፣ መርገጫው ጥልቅ የሆነ ጎማ በፋብሪካው ልክ መግዛት፣ እነዚህ ሁሉ ከፓራፋንጎ ጋር አያጣሉም። እነርሱን ትቶ ወደ ትልቁ ጎማ መሮጥ አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉትን ያስታውሰናል።

የመኪና ልክ የሚታወቀው በቆመበት ግቢ ሳይሆን ጭነቱን ተሸክሞ፣ መሪው ተጠምዝዞ፣ ሞላው ታምቆ ባለበት ቅጽበት ነው። ያችን ቅጽበት ሊማሊሞ ላይ ከመጠበቅ ይልቅ በሁለት መወጣጫና በአንዲት ጠመኔ በቅድሚያ መፍጠር ይቻላል። መኪና ያላቸው አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ተማሪዎች በመጪው እሑድ ጠመኔ ይዛችሁ ብትቀርቡ፣ በክፍል ውስጥ የተማራችሁት የፓይታጎረስ ሕግ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ የሰው ሕይወት ሲጠብቅ ታያላችሁ።